ፋቱ ይሻላል ስሊሟ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተማክረው የተጻፉ ይመስላሉ። አንዱ ከኮምቦልቻ፣ አንዱ ከሐይቅ፣ አንዱ ከወልዲያ፣ አንዱ ደግሞ እዚሁ ከደሴ ነው። አራቱም የሚዞሩት አንድ ነገር ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን (የሶኒ የጌም ማሽን፣ በአጭሩ ፒኤስ) ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ዕቃ ቀጥኖና ረክሶ ይመጣል፤ የመጀመሪያውን ወፍራሙን ፋት፣ ቀጭኑን ስሊም እንለዋለን። ይገዛል ወይስ አይገዛም?

ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ቲቪ፣ ሪሲቨርና ጌም እጠግናለሁ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ጌም ቤት ነበረኝ። እንግዲህ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። ሦስት ፒኤስ 4 አሉኝ፤ ሦስቱም ፋት ናቸው። አንደኛው ሲሠራ እንደ አውሮፕላን ይጮኻል። ልጆቹ ‹‹ሊነሳ ነው፣ ቀበቶ እሰሩ›› እያሉ ይቀልዱብኛል። አንድ ጓደኛዬ ሁሉንም ሸጠህ ፒኤስ 5 ግዛ ይለኛል። ሌላው ስሊም ፒኤስ 4 ፈልግ ይላል። ስሊምን ግን ፋብሪካው ራሱ አርክሶ ያወጣው ነው፣ ነገር ቀንሰውበታል ሲባል ሰማሁ። ደካማ ከሆነ ምን ያደርግልኛል? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ሦስቱንም አትሽጥ፤ ገና ሥራ አላቸው። የሚቀጥለው ግዢህ ግን ስሊሟ ትሁን። ነገሩን ረዘም አድርጌ ልንገርህ፤ እኔ ራሴ ባለመረዳቴ ከስሬበታለሁና።

ጌም ቤቴን የከፈትኩት በ1998 ዓ.ም. በአንድ ፒኤስ 2 ነው። በዚያን ጊዜ የፒኤስ 2 ስሊም ከወጣች ከዓመት በላይ ሆኗታል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የወጣችው። ነጋዴው ሁለቱንም ፊቴ ደርድሮ ‹‹ምረጥ›› አለኝ። ፋቱን አነሳሁት፤ ከሁለት ኪሎ በላይ ነው። ስሊሟን አነሳኋት፤ አንድ ኪሎ አትሞላም፣ አንድ ወፈር ያለ መጽሐፍ ብታክል ነው። ‹‹ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት›› አልኩና መለስኳት። እኛ ዘንድ ዕቃ የሚመረጠው በክብደቱ ነዋ! ብረት ድስቱም፣ ሙቀጫውም፣ አልጋውም ከከበደ ጥሩ ነው። ፋቱን ተሸክሜ ወጣሁ። ነጋዴው ሳቅ ብሎ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያኔ በዋጋ የረታሁት መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ልጆች እንዳይነካኩት ለአናጢ ከፍዬ የእንጨት ሳጥን አሠራሁለት። ቁልፍ ያለው። ለጆይስቲክ ገመድ ብቻ ቀዳዳ ተውኩ። ደሴ ብርድ አገር ነው፣ እዚህ ማሽን አይሞቅም ብዬ ነው። በሁለተኛው ክረምት አንድ ቀን ማታ፣ ውጪ ዝናቡ እየወረደ፣ ጨዋታ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሳጥኑን ስከፍተው የምድጃ ወበቅ ፊቴን መታኝ። አፍኜ ገደልኩት። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔው ነው።

ስለ ብርዱ የተሳሳትኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ነው። የሚገፋው አየር ስስ ከሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። እናንተ ጋ ወረድ ስለሚል አየሩ ትንሽ ይሻላል፤ ግን ሙቀቱ አለባችሁ። የወሎ ማሽን ከሁለቱ ከአንዱ አያመልጥም ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ብዙ ሙቀት የማያወጣ ማሽን ከየትም በላይ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ስሊሟ የረከሰችው ለምንድነው?

የማሽኑ ልብ ቺፑ ነው። ቺፕ አንድ በአንድ አይሠራም። ክብ በሆነ ስስ ሲሊከን ላይ ብዙው በአንድ ጊዜ ይሠራና ይቆረጣል። ድፎ ዳቦ አስብ። አንዱን ድፎ ለመጋገር የሚፈጀው እንጨትና ድካም ያው ነው። በትልልቁ ከቆረስከው ለጥቂት ሰው፣ በትንንሹ ከቆረስከው ለብዙ ሰው ይደርሳል። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አመድ ቢነካው የምትጥለው የነካውን ቁራሽ ነው። ቁራሹ ትንሽ ከሆነ የሚጣለውም ትንሽ ነው። ቺፕ ላይም እንደ አመዱ ያለ እንከን አይጠፋም። ፋብሪካዎቹ ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ ያንኑ ቺፕ አሳንሰው መሥራት ይለምዳሉ። የመጀመሪያው የፒኤስ 4 ቺፕ የተሠራው በ28 ናኖሜትር ነው (ቁጥሩ ሲያንስ የቺፑ ክፍሎች ይበልጥ ጥቃቅን ናቸው ማለት ነው)። የስሊሟ በ16 ነው። ሥራው አንድ ነው፤ ቁራሹ ግን አንሷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ራሱን በራሱ የሚጎትት ነው። ቺፑ ሲያንስ የሚበላው ኤሌክትሪክ ያንሳል። ኤሌክትሪኩ ሲያንስ ሙቀቱ ያንሳል። ሙቀቱ ሲያንስ ሙቀት የሚስበው ብረት ያንሳል፣ ፋኑ ያንሳል፣ ፓወር ሰፕላዩ ያንሳል፣ ፕላስቲኩ ያንሳል። በመጨረሻ ካርቶኑ ያንሳል። አንተ የደረቅ ወደብ ከተማ ልጅ ነህ፤ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ተጨማሪ ረድፍ ካርቶን መግባቱ ምን እንደሚያደርግ ለአንተ አልነግርህም።

ቁጥሩን ልስጥህ። ፒኤስ 4 እ.ኤ.አ. በ2013 በ399 ዶላር ወጣ። ስሊሟ በ2016 በ299 ዶላር ወጣች። የመጀመሪያው ፋት ቢበዛ እስከ 250 ዋት ይወስዳል፤ ስሊሟ እስከ 165። ክብደቱ ከ2.8 ኪሎ ወደ 2.1 ወረደ። ጨዋታው ያው ነው። ሥዕሉ ያው፣ ሲዲው ያው። ፊፋ ላይ የፋቱ አጥቂ ከስሊሟ አጥቂ አይፈጥንም።

‹‹ነገር ቀንሰውበታል›› የተባለው እውነት ነው። ከጀርባዋ ኦፕቲካል የሚባለውን የድምፅ መውጫ አንስተዋል። ጌም ቤትህ ውስጥ እሱን መቼ ተጠቅመህበት ታውቃለህ? ድምፁ ከሥዕሉ ጋር በኤችዲኤምአይ ቲቪው ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። የጨመሩላትም አለ፦ ዋይፋይዋ 5 ጊጋኸርዝ ትይዛለች፤ ፋቱ አይዝም።

ስለ ቆጣሪህም አስብ። ሦስቱን ፋት በሦስት ስሊም ብትቀይር ልዩነቱ ቢበዛ 255 ዋት ነው። ማሽኑ ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ስለማይሠራ ግማሹን ያዝ። በቀን አሥር ሰዓት ከሠራህ በየቀኑ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ተረፈህ። ለመብራት ሒሳብ ሲሆን የሚያስጨፍር ገንዘብ አይደለም። መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተር የምታስነሳ ከሆነ ግን ነዳጅ እንዴት እንደሚገኝ አንተው ታውቀዋለህ።

ፒኤስ 5 ግዛ ያለህ ጓደኛህ ክፉ አላሰበም። ማሽኑ ግሩም ነው። ግን ጌም ቤት የሚኖረው በቲቪ ብዛት ነው። ‹‹ተሸናፊ ይክፈል›› በሚባልበት ቤት አንድ ቆንጆ ማሽን አሥር ልጅ አሰልፎ ያስቆማል፤ ስድስቱ ሰልችቷቸው ይሄዳሉ። ጨዋታ ያልቅብኛል ብለህም አትስጋ። ፊፋን የተካው ኤፍሲ 25 ለፒኤስ 4ም ወጥቷል። ቀድሞም እንደዚሁ ነበር። ፒኤስ 2 በ2000 የወጣ ዕቃ ሆኖ በ2013 ፊፋ 14 ወጥቶለታል። ፒኤስ 3 ፊፋ 19ን አግኝቷል። ማሽኑ በርካሽ ተሽጦ ብዙ ቤት ከገባ ጨዋታ ሠሪዎቹም ቶሎ አይተዉትም፤ ገዢያቸው እዚያ ነዋ።

የሚጮኸው ማሽንህን በተመለከተ፣ መጮኹ በሽታ አይደለም፤ ሞቆት እየተነፈሰ ነው። ከመብራቱ ነቅለህ ክፈተው፣ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አውጣለት፣ ቺፑ ላይ ያለው ፔስት (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ደርቆ እንደ ኖራ ሆኖ ከሆነ በአዲስ ይተካ። ካልለመድከው ለለመደ ስጠው። እንደ እኔ ሳጥን አታሠራለት ብቻ።

ያገለገለ ስሊም ስትገዛ ደግሞ ሻጩ የሚልህን ትተህ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። ከሞዴሉ ፊደላት ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1000 ወይም 1100 ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ፋቶች ናቸው። 1200 ከሆነ ፋት ነው፣ ግን ቀለል ያለ፤ 230 ዋትና 2.5 ኪሎ። ዋጋው ጥሩ ከሆነ እሱንም አልንቀውም። 2000፣ 2100 ወይም 2200 ከሆነ ስሊም ነው። ከዚያ አስነሳውና ሶፍትዌሩን እይ። ቢያንስ 9.00 ይሁን፤ በ2021 የወጣው ነው። ከእሱ በፊት በነበሩት፣ ውስጡ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ካለቀችና ማሽኑ ኢንተርኔት ካላገኘ ሲዲውንም አልጫወትም ይላል። ሻጩ ጋ ሠርቶ አንተ ቤት እምቢ ቢልህ ከማን ጋር ትጣላለህ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጄ ጂዳ ናት። ለታናሽ ወንድሟ ፕሌይስቴሽን ልትልክለት ነው። ሲዲ ማስገቢያ የሌለው፣ ረከስ ያለ አለ ብላ ፎቶ ልካለች። ልጁ እሺ ብሏል። እሱማ የተላከለትን ሁሉ እሺ ነው የሚለው! እኔ ግን ገንዘቡን ያገኘችበት ድካም ስለሚታየኝ ነው የምጠይቀው። እንዳይባክን። — እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ልጅዎን አላህ በሰላም ያግባልዎ። ያንን አትላክ ይበሏት።

ለኮምቦልቻው ልጅ ርካሹን ግዛ ብዬ እርስዎን አይግዙ ስል ግራ እንዳይገባዎ። ርካሽ ሁሉ አንድ አይደለም። የእሱ ስሊም የረከሰችው ሠሪዎቹ ሥራውን ስለቻሉበት ነው። ልጅዎ ያየችው ግን የረከሰው አንድ ዕቃ ስለጎደለበት ነው። ፒኤስ 5 እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ሁለት ሆኖ ነው የወጣው። ባለ ሲዲው 499 ዶላር፣ ሲዲ የሌለው 399። ውስጡ ያለው ቺፕ አንድ ነው። መቶ ዶላሩ የሲዲ ማንበቢያው ነው።

ሲዲ ማንበቢያ ከሌለው ጨዋታው የሚገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ያውም ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ፤ አንድ ትልቅ ጨዋታ እስከ መቶ ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ልጁ በሞባይል ዳታ አወርዳለሁ ካለ፣ ቤቱ የሚገዛው ጤፍ ካርድ ሆኖ ያልቃል። ክፍያውም በውጭ አገር ካርድ ነው። እንግዲህ አንድ ጨዋታ ባማረው ቁጥር ‹‹እታባ፣ ክፈይልኝ›› እያለ ጂዳ ሊደውል ነው። ሲዲ ቢሆን ከጎረቤት ልጅ ይዋሳል፣ ሲሰለቸው ይቀያየራል፣ ሲቸግረው ይሸጠዋል። እኔ የማውቃቸው ልጆች አንዷን ሲዲ በአምስት ቤት አዙረው ነው የሚጫወቱት። ሲዲ የሌለው ማሽን ይህን ሁሉ ይከለክላል። በጂዳ የተረፈውን መቶ ዶላር ሐይቅ ላይ ቀስ እያለ ይሰበስበዋል።

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው ቀጭኑ ፒኤስ 5 ላይ የሲዲ ማንበቢያውን ለብቻ ገዝቶ መግጠም ይቻላል። ሻጩ ይህን ሊነግራት ይችላል። ነገር ግን ሲገጠም ለአንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ለብቻ ሲገዛም ወደ 80 ዶላር ነው። ያኔ ምኑ ረከሰ?

ከቻለች ሲዲ ያለውን ትላክ። ካልሆነ ያገለገለ ስሊም ፒኤስ 4 ለእርሱ ይበቃዋል፤ የሚተርፈው ለእርሷ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ይንገሯት፦ ከመክፈሏ በፊት የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ ታንሳልን። 100–240 ቮልት ካለ ይምጣ። 120 ብቻ ካለ ለሌላ አገር የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ 220 ላይ ሲሰካ ሊቃጠል ስለሚችል ይቅር። ጆይስቲኩን በልብስ ጠቅልላ ታስቀምጠው። በካርጎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ። አንድ ነገር አልገባኝም። ኩባንያው አዲሱን ማሽን በውድ እየሸጠ ሳለ አሮጌውን አርክሶ ማውጣቱ የራስን ገበያ መብላት አይደለም ወይ? — ከወልዲያ

መልስ፦ መምህር፣ ይህን እርስዎ ለእኔ ቢያስተምሩኝ ነበር የሚያምረው። የምችለውን ልሞክር።

መጀመሪያ፣ ትልቁ ትርፍ ያለው ማሽኑ ላይ አይደለም። ጨዋታው ላይ ነው። ከእያንዳንዱ የተሸጠ ጨዋታ ለማሽኑ ባለቤት ድርሻ አለው። አዲስ ማሽን ሲወጣ አንዳንዴ በኪሳራ ነው የሚሸጠው። ሶኒ ፒኤስ 3ን በ2006 በ499 እና በ599 ዶላር አውጥቶ እንኳ ለማምረት የሚያወጣው ከዚያ ይበልጥ ነበር። ገዢው ‹‹ተወደደ›› ይላል፣ ሻጩ ይከስራል። በ2009 ስሊሟ በ299 መጣች። ዋናው ቺፕ ከ90 ናኖሜትር ወደ 45 ወርዷል፤ አምስት ኪሎ የነበረው ማሽን ሦስት ኪሎ ከምናምን ሆኗል። ፒኤስ 3 ገበያው የተነቃቃው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ 599 የሚከፍለውና 99 የሚከፍለው አንድ ሰው አይደለም። ፒኤስ 2 በ2009 ዋጋው 99 ዶላር ሲሆን ፒኤስ 3 ከወጣ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖታል። 99 ዶላር ይዞ የቆመው ሰው ፒኤስ 3 ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም፤ ሲጠብቅ የነበረው ይህን ቀን ነው። በዚህ ዓይነት ፒኤስ 2 እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ተመረተ። አሥራ ሦስት ዓመት ሊደፍን ምንም አልቀረውም። ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ስሊም እንደሆነ ለማሰብ ጌም ቤቶቻችንን ማየት በቂ ነው፤ በኋለኞቹ ዓመታት እዚህ ደሴ ያየሁት ፋት የዚያን አፍኜ የገደልኩትን ማሽኔን አስከሬን ብቻ ነበር።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ድጋሚ መሥራት ስህተት ለማረምም ይጠቅማል። ማይክሮሶፍት በ2007 ኤክስቦክስ 360 ለሚባለው የጌም ማሽኑ ብልሽት፣ ያ ቀይ መብራት ለሚባለው፣ የዋስትና ጊዜውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቧል። በ2010 የመጣው ቀጭኑ 360 ሁለቱን ዋና ቺፖች አንድ ላይ አድርጎ የተሠራ ነው። ሙቀቱም ወጪውም አብሮ ወረደ።

ሁሉም ግን አይሳካም። ኔንቲዶ በ2012 መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ዊ የሚባለውን የጌም ማሽኑን አሳንሶ ዊ ሚኒ ብሎ አወጣ። 100 የካናዳ ዶላር፣ ቀይ፣ ሲያዩት የሚያምር። ኢንተርኔቱን ግን አውልቀውበታል። እንዲህ ያለውን ‹‹ቀጠነ›› አልለውም፤ ከሳ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ ስሊም ፒኤስ 2 አለችኝ። ሲዲ ማንበብ አቁማለች። ልጄ ጣላት ይለኛል። ሰው ይስቅብሃል አትበሉኝና ልቤ አልቻለም። — ከደሴ

መልስ፦ ማን ይስቅብሃል? እኔም ዘንድ አንዲት አለች። ፋቱን አፍኜ ከገደልኩ በኋላ የገዛኋት ናት፤ ያቺ ‹‹የልጅ መጫወቻ›› ያልኳት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማችንን ለቀን ስንወጣ መኪና ላይ ቦታ የለም፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ባለቤቴ ‹‹ከቁራሽ ዳቦና ከሕፃኑ ልብስ በቀር ምንም አይጫንም›› ብላ አስጠንቅቃናለች። ደብረ ብርሃን ደርሰን ዘንቢሉ ሲፈታ ስሊሟ በነጠላ ተጠቅልላ ወጣች። ትልቁ ልጄ ነው የደበቃት። ፋት ብትሆን ኖሮ የት ይደብቃታል? በታኅሣሥ ስንመለስ ክፍሏ ባዶ ነበረች። ቲቪ የለም፣ መበየጃ የለም፣ መፍቻ የለም። ሥራ የጀመርኩት ከሰው በተዋስኩት ቲቪና በዚያችው ስሊም ነው። ስለዚህ ልጣላት ወይ ብለህ እኔን አትጠይቀኝ።

አሁን ወደ ሕመሟ። መጀመሪያ ክዳኗን እይ። እንደ ፋቱ ሲዲ የሚያስገባና የሚያስወጣ ሞተር የላትም፤ ክዳን ከፍተህ በእጅህ ነው የምታስቀምጠው። ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫናቸው ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ። እነሱ ከላሉ ‹‹ክዳኔ ክፍት ነው›› ብላ ሲዲውን አታዞርም። ሲዲው የሚዞር ከሆነና ማንበቡ ካቃታት ግን ሌንሱ ነው። ጥጥ በንጹሕ አልኮል ነካ አድርገህ ሌንሱን በቀስታ ጥረገው። ሽቶ አይሆንም። አረቄም አይሆንም፤ የሞከረ ሰው ስላየሁ ነው።

ከሁሉ በላይ አዳፕተሯን ተጠንቀቅ። ብዙዎቹ ስሊሞች ፓወራቸው ውጪ ነው፤ የሚፈልጉት 8.5 ቮልት ነው። ዋናው አዳፕተር ሲጠፋ ሰው ቀዳዳው የገጠመለትን ሁሉ ይሰካል። የሪሲቨር 12 ቮልት፣ ባስ ሲልም የላፕቶፕ 19 ቮልት። ወደ እኔ ከሚመጡት ስንቶቹ በዚህ ተቃጥለው እንደሚመጡ ብነግርህ አታምነኝም። ያንተ የኋለኛዋ ከሆነችና የመብራት ገመዱ ቀጥታ ከጀርባዋ የሚሰካ ከሆነ ይህ አያሳስብህም።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልነቃች ይዘሃት ና፤ ሌንስ ፈልጌ አስቀምጫለሁ። ሰኞ ግን ገበያ ነው፣ መንገዱ አያሳልፍም። ማክሰኞ ጠዋት ና። አዳፕተሯን እንዳትረሳ።